አረፋን ዲላ የዋልኩበት ዓመት

የካቲት 3

ሱቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩ። የሸጥኩት ሁለት ጥቅል ሸራ፣ ሠላሳ ጆንያ፣ ሌላ ምንም። የቡናው ሰሞን ካለፈ ሸራ የሚገዛ የለም። የሚመጣው ለወሬ ነው። አንዱ ስለ መንገዱ፣ አንዱ ስለ ማዳበሪያው፣ አንዷ ሆስፒታል ስላጉላሏት… ሁሉም የሚነግረኝ እኔ አንድ ነገር የማደርግ ይመስል። ሱቄ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሆኗል።

ዘከርያ ቅጥቅጡን ጋራዥ አስገብቶ ለምሳ እንኳ አልመጣም። ባሌ ያገባው እኔን ነው ያንን አውቶቡስ?

ከሰዓት ጋሽ ይርጉ መጡ። ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ከወጡም ወረቀት ሳይዙ ከቤት አይወጡም። «የዕጩዎች ምዝገባ ተጀምሯል» አሉኝ።

«ታዲያ ማን ሊወዳደር ነው?»

«አንቺ ነሻ!»

ሳቅኩባቸው። ያለፈውን ረሱት እንዴ? ከአምስት ዓመት በፊት ለፓርላማ በግል ተወዳድሬ ያገኘሁት 312 ድምፅ ነው። ዘመዶቼ ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ እኮ! «ያኔ የጀመርሽው ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው» አሉ። «አሁን እስከ ምርጫው ቀን፣ እስከ ግንቦት 23፣ ሦስት ወር ከግማሽ አለሽ።»

እምቢ አልኩ። ወረቀቱን ግን አልመለስኩላቸውም… ለምን አልመለስኩም?

የካቲት 4

ሞላሁት። ፈረምኩ።

ዘከርያ «ደግሞ ጀመረሽ?» አለኝ። ፎቶ ቤት ይዞኝ የሄደው ግን እሱ ነው። «ትንሽ ፈገግ በይ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አስመሰልሽው» እያለ።

ለማንም የማልናገረው ነገር… ማይክ ይዤ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ማለት አምሮኛል። መስታወት ፊት ሞክሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ!

የካቲት 19

የረመዳን ጾም ከገባ ዘጠነኛ ቀን። የድጋፍ ፊርማ ልናሰባስብ ከትንቢት ጋር ገጠር፣ ወደ ጪጩ ወጣን። ትንቢት ቡና መጋዘን ለቀማ ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት፤ ምላሷ እንደ ጣቷ ፈጣን። እኔ ዲላ ተወልጄ አርባ ዓመት ኖሬ ጌዴኦኛዬ የገበያ ነው። ሰላምታ፣ ዋጋ፣ ትንሽ ስድብ። እሷ ግን ስትናገር ሰው ከጓሮው ይወጣል።

ዳገቱ ገደለኝ። አንዲት እናት ከንፈሬን አይተው ውሃ አመጡልኝ። አልጠጣም ስል ተቀየሙ። ትንቢት ጾም መሆኔን ስትነግራቸው ውሃውን መለሱና እጄን ይዘው ጥላ ስር አስቀመጡኝ። እሳቸው ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ዞሩልኝ! ሃያ ሁለት አውራ ጣት አስረግጠው መጡ።

እግሬ አብጧል። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ የሚል ድካም ያለ አይመስለኝም ነበር።

መጋቢት 2

የመወዳደሪያ ምልክት መረጣ። ደህና ደህናው ሁሉ ተወስዷል። ለእኔ የደረሰኝ ባልዲ። ባልዲ!

ቤት ስመጣ ዘከርያ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። «የተከበሩ ወይዘሮ ባልዲ…» ጋሽ ይርጉ ግን ኮስተር ብለው «ባልዲ የሌለበት ቤት አሳዪኝ» አሉ። እውነት ነው እኮ። የውሃ ወረፋ ላይ የሚቆመውስ ምንድን ነው? ባልዲው አይደል?

መጋቢት 29

መብረር አማረኝ!

ወንድሜ ነዚፍ የኛን ሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ የምርጫ ካርድ ያወጣውን ሰው ጻፈ። ጨርቅ ሻጩ፣ ብረታ ብረቱ፣ ባለ መለዋወጫው፣ ሚስቶቻቸው፣ ያደጉ ልጆቻቸው፣ ሠራተኞቻቸው። ከስልጤ መጥተው ዲላ የከተሙት ሁሉ። 1,460 ሰው! «አንድም አይቀርም፣ ሁሉም ያንቺ ነው» አለኝ ነዚፍ። ከፓርቲ አራት ዕጩ ስላለ ድምፁን ይከፋፈሉታል። ጠንካራው አቶ እንድርያስ ነው። ጨዋ ሰው፣ የተማረ፣ የዚሁ አገር፣ የጪጩ ልጅ። ጋሽ ይርጉ ደምረው ቀንሰው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሱራያ፣ ይሄ ነገር ይቻላል» አሉኝ።

ይቻላል አሉ። ጋሽ ይርጉ! ለድርሰት ከሰባት በላይ ሰጥተው የማያውቁ ሰውዬ!

ሚያዝያ 17

ጪጩ ገበያ። ሰው ሞልቷል። ትንቢት በጌዴኦኛ፣ እኔ በአማርኛ። ስለ ውሃው ተናገርኩ፣ አጨበጨቡ። ስለ ቡናው ተናገርኩ፣ አጨበጨቡ። ሞቅ ብሎኛል፣ ድምፄ አምሮብኛል… ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ፤ አማርኛቸው እንደኔ ጌዴኦኛ የገበያ ነው።

«አንቺ አረፋ የት ነው የሚውለው?»

«አልገባኝም አባባ?»

«ለአረፋ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። መኪና ሙሉ ወደ ሀገራችሁ ትሄዳላችሁ። አርባ ዓመት ነው የማየው። ሰው በዓሉን የሚውለው ሀገሩ ነው አይደል? አንተ ሀገርህ እዚህ ነው እዚያ?»

አልተቆጡም። ጠየቁኝ እንጂ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ… «ዲላ ነው የተወለድኩት» አልኩ። «እትብቴ…» ምናምን። አጨበጨቡ፣ ግን ያ የመጀመሪያው ጭብጨባ አልነበረም።

ሚያዝያ 18

አርባ አረፋ። ቆጠርኩት። አንዱንም ዲላ አልዋልኩም። በተወለድኩ በሦስተኛው ወር ታዝዬ ሄጃለሁ ይሉኛል። አባቴ የተቀበረው ዲላ ነው፣ ልጆቼን የወለድኩት ዲላ ነው፣ የተጣላሁትም የታረቅኩትም እዚሁ። አረፋ ሲደርስ ግን «ሀገር ልንገባ ነው» እንላለን። እኛው ራሳችን እንደዚያ ነው የምንለው!

ሽማግሌው ምን አጠፉ?

ሚያዝያ 24

ወይኔ… ወይኔ ጉዴ!

ዛሬ ዘከርያ ምሳ እየበላ ደብተሩን ይዟል። ለአረፋ የሚሄዱ ሰዎች ቦታ እያስያዙ ነው። «ግንቦት 14 ሞላ፣ 15 ሞላ፣ 16ም ሊሞላ ነው።»

«የቱ አረፋ?» አልኩ።

«ስንት አረፋ አለ? ግንቦት 19 ነዋ።»

ግንቦት 19! ምርጫው 23! የሚመለሱትስ? ደብተሩን ነጠቅኩት። ሰኔ 5፣ ሰኔ 7፣ ሰኔ 10። ማንም ሰው አራት ቀን ውሎ አይመለስም። አረፋ ከተዋለ በኋላ ሠርግ አለ፣ ሽምግልና አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ።

እንዴት አላየሁትም? ባለፈው ዓመት ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አሁንም እዚያው ነው። ጨረቃዋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን እንደምትቀድም የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው! ጋሽ ይርጉን ጠየቅኳቸው። «እኔ ሁዳዴንና ፋሲካን ነው የቆጠርኩት» አሉና ግንባራቸውን መቱ። ነዚፍ ደግሞ 1,460 ሰው ሲጽፍ፣ እሱ ራሱ ለግንቦት 15 ወንበር ይዟል። የወንበር ቁጥሩ አራት።

ሚያዝያ 25

ነዚፍ መፍትሔ አመጣ። «የዘከርያን ቅጥቅጥና የጓደኞቹን ሦስት መኪና በምርጫው ዋዜማ ቅዳሜ ልኮ ሰውን በነፃ መመለስ።» ዓይኔ በራ። ጋሽ ይርጉ ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ዕጩዋ መራጭ በነፃ ጭና አመጣች ይባላል። ብታሸንፊ እንኳ ክሱ አይለቅሽም።»

«ማን ያውቃል?» አለ ነዚፍ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ። በልቤ ግን ሙሉ ቀን መኪናዎቹን ሳሰልፍ ዋልኩ… ባይያዝስ? ምን አለበት? ደግሞ እተወዋለሁ። ደግሞ አስበዋለሁ።

አይሆንም። አለቀ። አልልክም።

ግንቦት 3

ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቅዳሜ ተመለሱ፣ እሑድ ምረጡ፣ ሰኞ ብትፈልጉ ተመልሳችሁ ሂዱ። ሁሉም «ኢንሻአላህ!» አለኝ። ደረቱን እየመታ። የኛን ሰው ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ። ከአረፋ ሥጋ ፊት የተነገረ ኢንሻአላህ ደግሞ…

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። ወራቤ አጠገብ ነው የምትኖረው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ወደ መንደሯ ተመልሳ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም። አረፋን እዚሁ ነው የምውለው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዞረው ሰማሁ።

«ታመሽ ነው?»

«አይ፣ ምርጫው ነው…»

«ደህና» አለችና ዘጋች። ደህና ብላ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ።

ግንቦት 12

ዛሬ ግን! ቡና መጋዘኑ በር ላይ፣ ለቃሚዎቹ ሲወጡ። ትንቢት ድንጋይ ላይ ወጥታ ተናገረች። ምን እንዳለች ሩቡ ነው የገባኝ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ አንድ ላይ ጮኹ። «ምን አልሻቸው?» ስላት «ሽማግሌው የጠየቀሽን ነገርኳቸው። ዘንድሮ አልሄደችም፣ እዚሁ ናት አልኳቸው» አለችኝ።

«ይሄ የምርጫ ቅስቀሳ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ያንቺ ንግግር ረጅም ነው» አለችኝ። አፍራ ነው እንዳልል ፈጽሞ አታፍርም።

ሕፃናቱ ባልዲ እየመቱ ተከተሉን። ዝናቡ ወረደብን፣ ማንም አልሮጠም።

ግንቦት 15

መንገዳችን ባዶ ነው። መዝጊያው ሁሉ ወርዷል። ነዚፍ ወንበር ቁጥር አራት ላይ ተቀምጦ በመስኮት እጁን እያወዛወዘልኝ ሄደ። «ቅዳሜ ኢንሻአላህ!»

ነገ ደግሞ ዘከርያ ራሱ የመጨረሻውን ሰው ይዞ ይሄዳል። የእሱም እናት እዚያ ናት። «ትመለሳለህ?» አላልኩትም። ፈራሁ። ኢንሻአላህ ቢለኝስ?

ግንቦት 18

ቅስቀሳው ዛሬ አበቃ። ከነገ ጀምሮ የጥሞና ጊዜ፣ አንዲት ቃል መናገር የለም። ድምፄ ጠፍቷል፣ ይሻላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቅጥቅጡ በር ላይ ቆመ። ክላክሱን አውቀዋለሁ። ሮጥኩ። ተመልሷል! ዘከርያ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው። በመሐል ወንበር። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሁለት ፌስታል ቅቤ ታቅፋ።

እማዬ!

«ሙሉ ይዤ ሄጄ አንድ ሰው ይዤ መጣሁ፣ ያውም ሲያመናጭቀኝ የመጣ» አለ ዘከርያ።

እማዬ ቤቱን ዞራ አየች። «መጋረጃው አቧራ ነው» አለች። ከዚያ «በጉስ?» አለች። ስለ ምርጫው አንድም ነገር አላነሳችም። አንገቷ ስር ገብቼ ቆየሁ። አርባ ዓመቴ ነው፣ ምን ይደረግ።

ግንቦት 19

አረፋ። ዲላ።

ሶላት ላይ ሰው ጥቂት ነበር። በጉ ታረደ። እማዬ «በሩን ክፈቱት፣ ጎረቤት ጥሩ» ስትል ጋሽ ይርጉ ከግቢ በር ሳይገቡ እጃቸውን አወዛወዙ። «እንዳትጠሩ! ምርጫው አራት ቀን ቀርቶት ሰው ጠርቶ ሥጋ ማብላት ጉቦ ነው የሚባለው!»

እማዬ አልገባትም። «በአረፋ? ሰው አላበላም? ይሄ ምን ዓይነት መንግሥት ነው የምትገቢበት?»

እናም ተቀመጥን። እኔ፣ ዘከርያ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እማዬና አንድ ሙሉ በግ። በሩ ተዘግቶ። በሕይወቴ እንደዚህ ዓይነት አረፋ አላየሁም… እማዬ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዚህ ነው?

ሰባት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፣ የጎን ጎረቤታችን። የአቶ እንድርያስ ደጋፊ መሆናቸውን መላ ዲላ ያውቃል። ትልቅ ሳህን ይዘዋል። «እንዳትጠሪ ብለውሻል አሉ። እኛ እንዳንመጣ ግን የከለከለን የለም» አሉ። ከኋላቸው ትንቢትና እናቷ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው። ከዚያ ከመጋዘኑ ሦስት ሴቶች፣ አቮካዶ በዘንቢል። ከዚያ የጪጩዋ እናት፣ ያን ሁሉ አውራ ጣት ያስረገጡልኝ፣ ማር በጣሳ። ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ መጥቶ በላ፣ እኛንም አጎረሱን። ጉቦ እንዳይባልብኝ ከበጉ አንድ ቁራጭ አልቀመሱም። ስለ ምርጫ ማንም ትንፍሽ አላለም።

እማዬ በጆሮዬ «የቤቱ እንግዳ እኛ ነን እነሱ?» አለችኝ። አፌ ቆጮ ሞልቶ ሳቅኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንቦት 22

ቅዳሜ። ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ነኝ። ከሐዋሳ መስመር የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ። ነዚፍ ስልክ አያነሳም። ሲያነሳ ከጀርባው ዘፈን አለ፣ ሠርግ ላይ ነው። «ሱሬ፣ ነገ በሌሊት እንነሳለን!»

«ነገ እኮ ምርጫው ነው ነዚፍ።»

«ስለዚህ ነው በሌሊት የምንነሳው!»

አይመጣም። ድምፁ ይነግረኛል። ወንድሜ አይመጣም።

ግንቦት 23

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ነበር። ባልዲው ላይ ምልክት አደረግኩ። የራሴን ምልክት! መስመር እንዳይስት ቀስ ብዬ።

ዘከርያ ከኋላዬ ነበር። ሲወጣ «ለማን እንደመረጥኩ ምስጢር ነው» አለኝ፣ ጥርሱ እስኪታይ ስቆ።

በኛ ሰፈር ጣቢያ ወረፋው አጭር ነው። ዓይኔ ያቃጥለኛል። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ከወራቤ ገባ። በየኪሳቸው ከፍለው የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች። የጨርቅ ሻጩ ፈይሰልና ቤተሰቡ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ግንቦት 24

ጠዋት ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል። ከጋሽ ይርጉ ጋር በባጃጅ ዞርን። መጀመሪያ የኛ ሰፈር። ከ1,460 ለባልዲ የወጣው 391። ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ። ያለቀ መሰለኝ። በጠዋቱ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተነሺ፣ ገና አልጨረስንም» አሉ ጋሽ ይርጉ።

መጋዘን ሰፈር። ባልዲ አንደኛ። እንዴ? በገበያው በኩል ያለው ጣቢያ፣ ባልዲ ሁለተኛ፣ ጥቂት ቀርቶት። ጪጩ ስንደርስ ወረቀቱ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ለማንበብ ተንጠራራሁ። ባለፈው ምርጫ ጪጩ ላይ ያገኘሁት አራት ድምፅ ነው። አራት! ዛሬ 817። አቶ እንድርያስ በገዛ አገሩ ከኔ ያንሳል። ጋሽ ይርጉ ሦስት ጊዜ አነበቡት። መነጽር አውልቀው፣ ጠርገው፣ አንዴ ደግሞ።

ከሰዓት የሁሉም ተደመረ። በ173 ድምፅ አሸነፍኩ።

አሸነፍኩ!!

ትንቢት እያለቀሰች አቅፋኝ ወደቅን፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሁለታችንም። አቶ እንድርያስ ደወለ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ እኔ ጪጩን እርግጠኛ ነበርኩ» አለ። «እኔም ሰፈሬን» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ነዚፍ። ከጀርባው እልልታ፣ ጥይት የመሰለ ጭብጨባ፣ መቶ ሰው። «መረጥንሽ! ሱሬ መረጥንሽ!»

«ከየት ሆናችሁ?» አልኩት። ሳቄ አላስጨረሰኝም። እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። በስልጥኛ ያወረደችበትን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኔ 6

የሱቁን ቁልፍ ለዘከርያ ሰጠሁት። ሸራና ጆንያ እንደማይለይ ከወዲሁ ታውቋል። እማዬ አልሄደችም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋ ውላ ነው የምትመጣው።

ከነጋ በሩ ላይ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ከሁሉ በፊት የመጣው አንድ ገበሬ ነው፣ ከጪጩ በታች ካለው ቀበሌ። አይቼው አላውቅም። ቦቲው ጭቃ፣ ኮፍያው በእጁ። አልቀመጥም አለ።

«እኔ አንቺን አልመረጠም» አለኝ፣ በገበያ አማርኛው። «ልንገርሽ ብዬ ነው። እንድርያስን ነው የመረጥኩ። ሚስቴም እሱን ነው።»

«ይሁን፣ መብትህ ነው» አልኩት።

«ከላይ ያለው የቡና ማጠቢያ ቆሻሻ ውሃ ወንዛችን ውስጥ ይለቃል። ከብት አይጠጣም፣ ይሸታል። ቀበሌ ነገርኩ፣ ወረዳ ነገርኩ። ከዚያ ልጄ፣ ‘ሰውዬህ አልተመረጠም፣ ዝም በል’ አለኝ። እኔ ለምን ዝም እላለሁ? የኛ ሰው አሁን አንቺ ነው። ለማን ልናገር ታዲያ?»

የኛ ሰው።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። የ173ቱ ቀን እንኳ እንደዚህ አልሆንኩም። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፣ ላቆመው አልቻልኩም። ሰውየው ደነገጠ። ኮፍያውን ወዲያና ወዲህ አዟዟረ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ኧረ አይዞሽ» አለኝ። «ወንዙ ያን ያህል እንኳ አልከፋም።»